ስንቁን ቆጥሮ መላክ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምቀዳው እንደ ወትሮው ከደብረ ብርሃን ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ የጥቅምት ብርድ እንደምታውቁት ነው። ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት፤ ማይኩ አጠገብ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰማችሁ እሱ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ደረሰኝ ነው።

መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ፈትለው ባና እና ዝተት የሚሠሩ እናቶች ማኅበር አላቸው። ለእነሱ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፦ አባሏ ፀጉር ታመጣለች፣ ይመዘናል፣ ስሟና ኪሎው ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ታትሞ ይሰጣታል። እኔ ላፕቶፕ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሞክሬዋለሁ፤ ምንም እንከን አልነበረውም። ከዚያ ማቨን በሚባለው የጃቫ መጠቅለያ መሣሪያ ጠቅልዬ፣ ጥቅሉን፣ ማለትም ጃር የሚባለውን ፋይል፣ ፍላሽ ላይ አድርጌ፣ መሐል ሜዳ በሚሄድ አውቶቡስ ላክሁት።

በማግስቱ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ ማሽኑስ ያትማል፤ የሚያትመው ግን ፊደል አይደለም፣ ሳጥን ሳጥን ነው” አሉኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ዋሻው ሳይደረስ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጎ ነው መሐል ሜዳ የሚገባው። መንገዱን ሁሉ የማስበው ፕሪንተሩን ነበር። ጥፋቱ የፕሪንተሩ መስሎኝ ነበር።

ቢሮው ስደርስ አንዲት እናት ደረሰኛቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠሩት፤ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እየጎተቱ፣ “እስቲ አሳየኝ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው?” አሉኝ። ስማቸው መኖር ባለበት ቦታ ስድስት ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ኪሎው በቁጥር ስለሆነ በትክክል ታትሟል። የማን ኪሎ እንደሆነ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ማንበብ የተማሩት የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው ሊያነቡ ነው። እኔ መልሼ እንደማይነበብ አድርጌ ሰጠኋቸው። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

እሺ፣ ጥፋቱ ምን ነበር?

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን የግዕዝ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ስለሚጠቀም ደህና ነበር። ደረሰኙ ግን እኔ መርጬ ያስገባሁት የራሱ የግዕዝ ፎንት ነበረው። ያንን ፎንት ያስቀመጥኩት በደንቡ ነው። ማቨን ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ኤስአርሲ፣ ሜይን፣ ጃቫ የሚባለው ፎልደር ነው፤ እዚያ የሚገባው ኮድ ብቻ ነው። ሌላ ፋይል እዚያ ብታስቀምጡ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት በቀር፣ ትቶት ያልፋል። ስሕተት ነው ብሎም አይነግራችሁም። ሁለተኛው ኤስአርሲ፣ ሜይን፣ ሪሶርስስ የሚባለው ነው። ፎንት፣ ሥዕል፣ የደረሰኝ ቅርጽ፣ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ጽሑፍ ያለበት የመልእክት ፋይል፣ ይህ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ማቨን ታርጌት፣ ክላስስ ወደሚባለው ፎልደር ይገለብጠውና ከዚያ ጃሩ ውስጥ ይከተዋል። የኔ ፎንት ሪሶርስስ ውስጥ ነበር።

ኮዱ ግን ፎንቱን የሚፈልገው በፎልደር አድራሻ ነበር፤ “ከኤስአርሲ፣ ሜይን፣ ሪሶርስስ አምጣልኝ” ይላል። እኔ ላፕቶፕ ላይ ፎልደሩ አለ፣ ስለዚህ ያገኘዋል። መሐል ሜዳ ላይ ግን ያለው ጃር ብቻ ነው። ጃር ውስጥ ያለ ነገር እንደ ተራ ፋይል አይከፈትም፤ ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም በሚባለው የጃቫ ትእዛዝ ነው የሚነበበው። ይህ ሳያንስ ደግሞ፣ ፎንቱ ካልተገኘ ዝም ብለህ በሌላ ፎንት ቀጥል የሚል መስመር ጽፌ ነበር። ያ ሌላው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም።

እዚህ ላይ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሃይስኩል የተማርኩት ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች። እሑድ ከሰዓት እናቴ ስንቄን መደቡ ላይ ትደረድራለች። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ፣ ቆሎ። ከዚያ እያንዳንዱን በእጇ እየነካች ትጠይቀኛለች። “ሽሮ?” “አለ።” “ክብሪት?” “አለ።” አንድ ሳምንት ቸኩዬ ሳላስቆጥራት ወጣሁ። ማታ ከተማ ወጥ ሠርቼ ስቀምስ ጨው የለውም። ቤት ቢሆን የጨው መቋጠር መረሳቱን ማንም አያውቅም ነበር፤ እጅ ሰዶ ከመደርደሪያው ማንሳት ነው። ቤት ሙሉ ስለሆነ የጎደለውን ይሸፍነዋል።

የኔም ላፕቶፕ አንድ ወር ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ የጎደለውን ሁሉ እጁን ሰዶ ከመደርደሪያው ያነሳ ነበር።

ታዲያ ኮዱን እዚያው ቢሮ ውስጥ አስተካከልኩት። ፎንቱን ከጃሩ ውስጥ እንዲያነብ፣ ካጣው ደግሞ ቆሞ እንዲናገር አደረግሁ። እንደገና ጠቅልዬ በእነሱ ኮምፒውተር አስነሳሁት። ቆመ። ፎንቱ አለ፣ ግን ተበላሽቷል ይላል።

ይሄኛው ነው ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ። ጃር ቲ ኤፍ የምትባል ትእዛዝ አለች፤ በጃሩ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ፎንቱ በቦታው አለ። ስሙም ልክ ነው፤ ትልቁና ትንሹ ሆሄ ሳይቀር አየሁ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ላይ የማይለየው የሆሄ ልዩነት ጃር ውስጥ ይለያል። ከዚያ ጃሩን ፈትቼ መጠኑን ከዋናው ፋይል ጋር አስተያየሁት። ጃሩ ውስጥ ያለው ፎንት ከዋናው ይበልጣል! ፋይል ስለተጠቀለለ ብቻ ከራሱ አይበልጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙ ስሪት ቁጥር መልእክት ፋይሉ ውስጥ ራሱ እንዲገባ ብዬ ፊልተሪንግ የሚባለውን ለሪሶርሱ ሁሉ ከፍቼ ነበር። ፊልተሪንግ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ያነባል፣ ምልክት የተደረገበትን ቦታ በቁጥሩ ይተካል፣ መልሶ ይጽፋል። ፎንት ግን ጽሑፍ አይደለም። ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት እንደ ጽሑፍ ሲነበብ፣ ትርጉም ያጣው ባይት፣ ማለትም ፋይሉ የሚሰፈርበት ትንሽ ቁራሽ፣ ሁሉ በመተኪያ ምልክት ይቀየራል፤ ያ ምልክት ሲጻፍ ሦስት ባይት ነው፣ ስለዚህ ፋይሉ ያብጣል። ማቨን እንደ ጄፔግ፣ ጂፍ፣ ፒኤንጂ ያሉትን ሥዕሎች ራሱ አውቆ አይነካቸውም። ፎንትን ግን እናንተ ካልነገራችሁት አያውቅም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያልታየው ደግሞ ፕሮግራሙ ዋናውን፣ ያልተነካውን ፋይል ያነብ ስለነበር ነው። አንዱ ጥፋት ሌላውን ደብቆት ኖሯል።

መፍትሔው አጭር ነው። ሪሶርሱን ለሁለት ከፈልኩት፤ የመልእክት ፋይሉ ብቻ ፊልተር ይደረጋል፣ ፎንቱና የቀረው እንዳለ ይገለበጣል።

የመልእክት ፋይል ካነሳሁ አይቀር፣ አሮጌ ማሽን ላይ ጃቫ 8 የምትጠቀሙ አንድ ነገር ያዙልኝ። ጃቫ 9 እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪወጣ ድረስ እነዚህ የመልእክት ፋይሎች የሚነበቡት በላቲን ኢንኮዲንግ፣ አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚያነበው ሥርዓት፣ ነበር። አንዷ ፊደላችን በዩቲኤፍ ኤይት ሦስት ባይት ስለሆነች፣ እዚያ “ሰ” ብላችሁ የጻፋችሁት ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

አሁን ጃር ከመላኬ በፊት ማቨን የሌለበት፣ የኔ ፎልደር የሌለበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ባዶ ፎልደር ውስጥ አስነሳዋለሁ። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣና በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ፎንት? አለ። የደረሰኝ ቅርጽ? አለ። መልእክት? አለ። የፎንቱም መጠን ከዋናው ጋር መግጠሙን አያለሁ።

ያን ቀን ሊመሽ ሲል ደረሰኙን እንደገና አተምንላቸው። እናትየው ወረቀቱን ተቀበሉና ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ጣታቸው የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ስማቸውን በፊደል ለያይተው አነበቡ፣ ከዚያ የአባታቸውን፣ ከዚያ ኪሎውን። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።