አንዲት ኳስ ለሁለት

እንደምን አመሻችሁ! ወላጆች፣ ልጆች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጎልፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ባለጠጋ ብቻውን ሰፊ ሜዳ ላይ ሲንሸራሸር ነው። እኔም አሜሪካ ስገባ እንደዚያ ነበር የማስበው። ኋላ ላይ ግን የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ይኸው 11 ዓመቴ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ጤዛው ሳይረግፍ ለልምምድ የሚመጡት የኮሌጅ ልጆች ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ እንደነሱ ያሉ ልጆች ስለሚመኙት ውድድር ነው። በዝነኛው አሜሪካዊ የጎልፍ ተጫዋች ስም የአርኖልድ ፓልመር ዋንጫ ይባላል።

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ተጀመረ። መጀመሪያ አሜሪካ የምትገጥመው ከብሪታንያና ከአየርላንድ ተማሪዎች ጋር ነበር። በ2003 መላው አውሮፓ ገባ። በ2018 ደግሞ ተጋጣሚው ቡድን ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም ሁሉ ተከፈተ፤ ሴቶችም ተጨመሩ። አሁን በየቡድኑ 12 ወንድና 12 ሴት አለ። ሴትና ወንድ ተጣምረውም ይጫወታሉ። ከሚገኘው 60 ነጥብ ውስጥ ሴቷ የምታመጣው ነጥብ ከወንዱ በምንም አያንስም።

አጨዋወቱን ልንገራችሁ። በተለመደው ጎልፍ ምት ይቆጠራል። በ18 ጉድጓድ የመታኸው ሁሉ ይደመራል። አንዱ ላይ ከተበላሸብህ ጥፋቱ እስከ ማታ ይከተልሃል። ይህ ውድድር በሚካሄድበት ማች ፕሌይ በሚባለው አጨዋወት ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ራሱን የቻለ ግጥሚያ ነው። ኳስህ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ብትገባም የተሸነፍከው ያንኑ አንድ ጉድጓድ ነው። ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ፣ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። በአንድ ፈተና ውጤት ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ያላችሁ ይህ ይገባችኋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፎርሰምስ የሚባለውን ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዲት ኳስ። ተራ በተራ ይመታሉ። እሱ አሸዋ ውስጥ ከጣላት የምታወጣት እሷ ናት። እሷ ዛፍ ሥር ከወሸቀቻት መከራው የእሱ ነው። ልጆቹ ሲለማመዱት ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይቅርታ ያበዛሉ። ሲበስሉ ይቅርታውም ቁጣውም ይቀራል፤ ዝም ብለው ወደ ኳሷ ይሄዳሉ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት እውነትም ዱላና ኳስ ይዘው ነው።

ስሙ ለዋንጫው የተሰጠው ሰው ታሪኩም ደስ ይለኛል። የፓልመር አባት ፔንስልቬንያ፣ ላትሮብ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሣር ተንከባካቢ ነበሩ። ልጁ በዚያ ክለብ እንደ አባላቱ ልጆች እንደ ልቡ መጫወት አይችልም ነበር። በ1971 ክለቡን ገዛው። ሣር ለሚያጭድ ሰው ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም! ዌክ ፎረስት ኮሌጅ የገባው ደግሞ በድ ዎርሻም የሚባል ጓደኛው ጎትቶት ነው። በ1950 በድ በመኪና አደጋ ሞተ። ፓልመር ሐዘኑን አልቻለውም። ትምህርቱን ትቶ የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ገባ። ከዓመታት በኋላ ተመለሰ፣ በ1954 የአሜሪካን የአማተሮች ሻምፒዮና አሸነፈ። ስም ካገኘ በኋላ በጓደኛው ስም ለተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል አቋቋመ። ጎልፍ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው ለሚለኝ ሁሉ ይህን ነው የምነግረው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለፈው ወር ጎልፍ እንዲለማመዱ ልጆቻችሁን አምጡ ብዬ ነበር። የመጡት በሙሉ ወንዶች ናቸው። ለምን? በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ በሆነው በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ለረጅም ዓመታት ለወንዶች ጎልፍ ቡድን የተፈቀደው 4.5 ስኮላርሺፕ ሲሆን ለሴቶች 6 ነበር። በ1937 እዚሁ ዋሽንግተን ዌክ ሮቢን የሚባል የጥቁር ሴቶች ጎልፍ ክለብ ተቋቁሟል። ጥቁሮች የሚጫወቱበት ደህና ሜዳ ይሰጠን ብለው መንግሥትን ከጠየቁት መካከል እነዚህ ሴቶች ነበሩ። በ1939 ላንግስተን የሚባለው ሜዳ ተከፈተላቸው። ሴት ልጅ ጎልፍ ምን ያደርግላታል የምትሉኝ፣ እነሱን አስቡልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነኝ። ዱላና ኳስ እኔ አመጣለሁ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣምራለሁ፤ ለየጥንዱ አንድ ኳስ ብቻ ነው የምሰጠው። እህትና ወንድም ካላችሁ ሁለቱንም ይዛችሁ ኑ።