መስመሩ እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ይሰመር

የተከበራችሁ የስፖርት ቤተሰቦች፣

ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ አሻግሮ መምታት) መትቷል፤ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ከእሱ የበለጠ የለም። ሮጀር ክሌመንስ ለምርጥ ኳስ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት 7 ጊዜ ወስዷል። ሁለቱም ግን ኩፐርስታውን ከተማ ካለው፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ከሚዘከሩበት የቤዝቦል ዝና አዳራሽ ውጭ ናቸው። ሊገቡ ይገባል እላለሁ። ይህን ስል ስሙ ከስቴሮይድ (ጉልበት ከሚጨምር የተከለከለ መድኃኒት) ጋር የተነሣ ሁሉ ይግባ ማለቴ አይደለም።

ለመግባት መራጭ ከሆኑት የቤዝቦል ጋዜጠኞች 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዕድሉም ቢበዛ 10 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ቦንድስ 66፣ ክሌመንስ 65.2 በመቶ አገኙ። እንቅፋት የሆነባቸው ሐቀኝነትንና ሥነ ምግባርን የሚጠይቀው የምርጫው ደንብ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ደግ ነው፤ በምን ማስረጃ እንደሚፈረድ ግን አይናገርም። ስለዚህ አንዱ መራጭ በላቦራቶሪ ውጤት፣ ሌላው በወሬ ይፈርዳል።

ሊጉ ስቴሮይድን እ.ኤ.አ. በ1991 በደብዳቤ ከለከለ፤ የሚመረምርም የሚቀጣም ግን አልነበረም። በ2003 ስም የማይገለጽበት ምርመራ ተካሄደ፤ ከተጫዋቾቹ ከ5 በመቶ በላይ ስለተገኘባቸው በ2004 ቅጣት ያለው ምርመራ ተጀመረ። መስመሩ እዚህ ላይ ይሰመር የምለው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተይዞ የተቀጣ አይግባ።

የምርመራውን ነገር በቅጡ እንየው። ሽንት ውስጥ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ኤፒቴስቶስትሮን ከተባለው ተመሳሳይ ውሁድ ጋር ይነጻጸራል። በብዙ ሰው 1 ለ1 ገደማ ነው፤ ከ4 ለ1 ሲያልፍ ያጠራጥራል። በተፈጥሮው ከፍ የሚልበት ሰው ስላለ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የካርቦን አይዞቶፕ ምርመራ ይታከልበታል። ከዕፅዋት የተሠራ ሆርሞን የካርቦን ይዘቱ ሰውነት ራሱ ካመረተው ይለያልና። ባልኮ የተባለው የአሜሪካ ላቦራቶሪ ያሰራጨው ቲኤችጂ የተባለ ስቴሮይድ ደግሞ እስከ 2003 ድረስ በየትኛውም ምርመራ አይያዝም ነበር። ቦንድስ ከባልኮ የመጣ ቅባት መጠቀሙን፣ ምንነቱን ግን አለማወቁን በምስክርነቱ ተናግሯል። ይህን ልንሸፍንለት አይገባም፤ ከተመረጠ አዳራሹ ውስጥ በሚሰቀልለት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ሌላው ተጫዋች ዴቪድ ኦርቲዝ በ2003ቱ ምርመራ ስሙ እንዳለበት ተዘግቦ ሳለ በ2022 በ77.9 በመቶ ገባ። በዚያ ዘመን ሊጉን የመራው በድ ሲሊግም ከ2017 ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ነው። ሹሙ ገብቶ ተጫዋቹ ደጅ የሚጠናበት ፍርድ ያሳዝነኛል።

ተጫዋቹ ማኒ ራሚሬዝ ግን በተከለከለ መድኃኒት የተነሣ በ2009 50 ጨዋታ ተቀጣ፤ በ2011 ደግሞ የ100 ጨዋታ ቅጣት ሲጠብቀው ራሱን ከጨዋታ አገለለ። አሌክስ ሮድሪጌዝም በዚሁ ምክንያት የ2014ን ውድድር በሙሉ ታገደ። ደንቡንም ቅጣቱንም እያወቁ የጣሱ ናቸው፤ ለእነሱ ድምፅ አልጠይቅም።

አሁን በቦንድስና በክሌመንስ ላይ የመወሰን ሥልጣኑ የአዳራሹ የ16 ሰዎች ኮሚቴ ነው፤ 12 ድምፅ ይበቃል። የኮሚቴው ድምፅ ምስጢር ነው። እያንዳንዱ አባል ለማን ድምፅ እንደሰጠ፣ ለማን እንደነፈገና ለምን እንደሆነ በስሙ ፈርሞ ያውጣ።