ሕፃናትና አረጋውያን ሲቆርቡ እኛ የት ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እሑድ ጠዋት የቁርባን ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤተ መቅደሱ በር ተመልከቱ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ይሰለፋሉ። ሕፃኑ ይቀበላል፣ ያለቅሳል፣ እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትሸፍንለታለች። ከኋላ አረጋውያን መቋሚያቸውን ተደግፈው ይመጣሉ። በመካከል ያለው ዕድሜ ግን የለም። ከ20 እስከ 50 ያለነው አብዛኞቻችን ግንቡ ሥር ቆመን እናያለን። ጾመናል፣ አስቀድሰናል፣ ነጠላችንም ነጭ ነው። የማንቀርብበትን ምክንያት በልባችን እናውቀዋለን፤ ስሙን ጠርተን ግን አንነጋገርበትም። ብዙዎቻችንን ያስቀረን ዝሙት ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ ዘመን አልተጀመረም። ቆሮንቶስ ሁለት ወደብ የነበራት የንግድ ከተማ ናት፤ ገንዘብ ይገባባታል፣ እንግዳ ይበዛባታል፣ ፈተናውም እንደዚያው። ክርስቲያኖቿ «መብል ለሆድ ነው፣ ሆድም ለመብል ነው» ይሉ ነበር። ሲርበን እንደምንበላ የሥጋ ፍላጎትም ሲመጣ ማስታገስ ነው፣ ከእምነት ጋር ምን አገናኘው ማለታቸው ነው። ዛሬ «ተፈጥሮ ነው» የምንለው ያንኑ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ እንዲህ ሲል መለሰላቸው፦ «ሥጋ ግን ለጌታ ነው እንጂ ለዝሙት አይደለም፤ ጌታም ለሥጋ ነው።»

እባካችሁ የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ጌታም ለሥጋ ነው! ሐዋርያው ሥጋችሁ ርኩስ ነው አላለም። እኛ ግን ነፍስ ብቻ የተቀደሰች፣ ሥጋ ደግሞ የተጣለ ይመስለናል። ወንዶቹ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀናችን ስንጠመቅ ካህኑ ቅብዐ ሜሮኑን በ36 የሰውነት ክፍላችን ላይ ቀብተውናል። ግንባራችን፣ ዓይናችን፣ ጆሯችን፣ እጃችን፣ ጉልበታችን ታትሟል። ማታ ብቻችንን ተኝተን በስልክ ያንን ነገር የሚያየው ዓይን ሜሮን የተቀባው ዓይን ነው። ሐዋርያው «ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ አታውቁምን?» ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነው።

«ከዝሙት ሽሹ» ያለውም እዚያው ነው። ታገሉት አላለም፣ ሽሹ ነው ያለው። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ከሴትዮዋ ጋር ክርክር አልገጠመም፤ ልብሱን በእጇ ትቶ ወጣ። ለእኛ ልብስ መተው ማለት ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር ሊሆን ይችላል። እጮኛሞች ከሆናችሁ ደግሞ ተከራይታችሁ በምትኖሩበት ቤት ብቻችሁን አለማምሸት ነው።

ስለ ጋብቻ ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ጉባኤ ያስፈልገዋልና። አንድ ነገር ብቻ፦ መጽሐፍ መኝታን አይንቅም። «መጋባት በሁሉ ዘንድ ክቡር፣ መኝታውም ንጹሕ ይሁን» ይላል። በጾም ወራት ባልና ሚስት የሚታቀቡት ለጸሎት ተስማምተው ለጊዜው ነው እንጂ ግንኙነታቸው ኃጢአት ሆኖ አይደለም። ሰማንያ ተፈራርማችሁ «ስናረጅ እንቆርባለን» የምትሉ ወገኖቼ፣ ዕድሜን ማን ዋስ ሆኖላችሁ ነው? ድንግልናዬን አጥቻለሁ፣ ተክሊል አይደረግልኝም ብላችሁ የቀራችሁም፣ ቤተ ክርስቲያን ለእናንተ የመዓስባን ጸሎት አላት። ሥጋ ወደሙም ያው አንዱ ነው።

እኔም ያ ግንብ ሥር 7 ዓመት ቆሜአለሁ። ንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩ ቀን መጀመሪያ ቁጣዬን ነገርኳቸው፣ ቀጥሎ ውሸቴን፣ ቀጥሎ ጾም መግደፌን። ዋናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ጠበቁኝ። አልገፉኝም፣ አልጠየቁኝም። መሬት መሬት እያየሁ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ ተናገርኩት። ቀና ስል ፊታቸው አልተለወጠም ነበር። ቀኖናዬን ጾምና ስግደት ሰጡኝ፣ ፈጽሜ ስመለስ ፈቱኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፍኩ፤ ከፊቴ የነበረችው ሕፃን በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አተኩራ ስታየኝ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ጳውሎስ ለእነዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ኃጢአታቸውን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ «ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደ እነዚህ ነበራችሁ፤ ነገር ግን ታጥባችኋል» አላቸው። ነበራችሁ ነው ያለው።

ካህናት አባቶቻችን ዛሬ ከጉባኤው በኋላ በግቢው ይቆያሉ። ንስሐ አባት የሌላችሁ ሳትሄዱ አነጋግሯቸው። ዋናው ነገር ጉሮሯችሁ ላይ ቢቀርም ይጠብቋችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።