ባሕር ዳር ሆኖ ጎንደር ያለውን ኮምፒውተር መክፈት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአዘዞ የደወሉ አድማጭ፦ «ሥራዬ ባሕር ዳር ነው። የሱቃችን ሒሳብ ያለው ግን ቤት በተቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ጓደኛዬ ‹ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን ክፈትና ግባ› አለኝ። ችግር አለው?»

አለው ወንድሜ፤ እንዳይከፍቱት። 3389 የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከሩቅ መክፈቻው፣ የታወቀ በር (ፖርት) ነው። ቀን ከሌት ኢንተርኔትን የሚያስሱ ፕሮግራሞች በሩን ክፍት ካገኙ የይለፍ ቃል እየቀያየሩ ይሞክራሉ። «የአዘዞን ሱቅ ማን ያውቀዋል?» አይበሉ፤ ፕሮግራም ሰፈር አይመርጥም። በ2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ደግሞ ያለ ይለፍ ቃልም የሚያስገባ ነበር። ዊንዶውስ 7ን ጭምር ይነካል። (እሱን እስካሁን ያልጣላችሁ፣ ይሰማችኋል?)

እኔ የምመርጠው ቴይልስኬልን ነው፤ የራስዎን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ላይ በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ቤት ባለው ኮምፒውተርና በላፕቶፕዎ ላይ ጭነው በአንድ አካውንት ይግቡ። ራውተር መነካካት የለም። ብዙ ደንበኞች አንድ አይፒ አድራሻ በሚጋሩበት መስመር ፖርት መክፈት ብቻውን አያስገባዎትም፤ ይሄ ግን ይሠራል። ግንኙነቱ ዋየርጋርድ በተባለው የምስጠራ ዘዴ የተመሰጠረ ነው። ከዚያ በውስጡ ሪሞት ዴስክቶፕን ይከፍታሉ። ዊንዶውስዎ ሆም የተባለው ዓይነት ከሆነ ግን ከውጭ አያስገባም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ፕሮ ከሌለዎት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን የጉግል ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን ይጠቀሙ። ፒኑ ቢያንስ 6 አኃዝ ነው፤ አደራ፣ የልደት ቀንዎን እንዳያደርጉት። የቱንም ቢመርጡ ቁልፉ አካውንትዎ ስለሆነ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ።

ከማራኪ፦ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ይቀራል። ሰው ልኬ ላስበራ?»

አያስፈልግም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው፣ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ይፈልጉ። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ አለ። ስሊፕንም «በፍጹም» ላይ ያድርጉት፤ የተኛ ኮምፒውተር አይመልስልዎትም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከገዙ ራውተሩንም አብረው ይሰኩት፤ እሱ ከጠፋ የኮምፒውተሩ መብራት ምን ይረባል?

ከፒያሳ፣ አንዲት እናት፦ «ከባንክ ነኝ ያለ ልጅ ኤኒዴስክ የሚባል፣ ከሩቅ ማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም አውርጂ አለኝ። አውርጄ ፕሮግራሙ ያሳየኝን ቁጥር ነገርኩት።»

እናቴ፣ አሁኑኑ ኢንተርኔቱን ያጥፉ። ቀጥሎ በሌላ ስልክ ባንክዎ ጋ ይደውሉ፤ ልጁ በሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን ራስዎ በሚያውቁት። ሒሳብዎ እንዲታገድ ይጠይቁ። የይለፍ ቃልዎንም በሌላ ስልክ ይቀይሩ፣ ከዚያ ኤኒዴስክን ይሰርዙት። ፕሮግራሙ ራሱ ሌባ አይደለም፤ ቁጥሩን ለማን እንደሰጡ ነው ጉዳዩ። ስልኩን ይዝጉና ቶሎ ይደውሉ፣ እኛ ጋ በኋላ ይመለሳሉ።