ረቂቁ ቋሚ ኮሚቴ ጋ ሳለ፦ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ እንዳይላላ እንደራሴያችሁን መጠየቅ

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመሮች ይጻፋሉ።]

ተራኪ፦ «ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መካሄድ አለበት።» «ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሊካሄድ ይችላል።» ለምሳሌ የጻፍናቸው ናቸው። ሕግ ግን ብዙ ጊዜ የሚላላው እንዲህ ነው። አዋጁ አልተሻረም፣ ማንም አልጮኸም፤ «አለበት» የነበረው «ይችላል» ሆነ፣ በቃ።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው አንቀጽ ሊነካ እንደማይገባ እወቁ።

[ምስል፦ የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ፤ ሦስት አንቀጾች በቢጫ ተቀልመዋል።]

በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 3 መሠረት፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም፤ ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት የኢንቨስትመንት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ይሁንታው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። አንቀጽ 15 የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ከሁሉም የምንሳሳለት ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እንደነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ስለ አቃቂ ወንዝ ለመጠየቅ የግድ አቃቂ ዳር መኖር የለባችሁም ማለት ነው።

እነዚህን የሚያሻሽል ወይም የሚተካ ረቂቅ መጣ ሲባል መግቢያውን ዝለሉትና እነዚህ ሦስት ነገሮች በምን ቃል እንደተቀመጡ ፈልጉ።

[ምስል፦ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሄድ ቀስት፤ መሐሉ ላይ «ቋሚ ኮሚቴ»።]

ጊዜው ወሳኝ ነው። በዜና «ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ሲባል ከሰማችሁ፣ የምትንቀሳቀሱት ያኔ ነው። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመለከተዋል፣ የአስተያየት መድረክ ይጠራል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ማስቀየር እንኳ ዳገት ነው። ከጸደቀ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙም ሕግ ከመሆን አይቀርም።

የምክር ቤቱ ዓመት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሰኔ የበጀት ወር ስለሆነ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይጣበባል። እንደራሴውን በአካል ለማግኘት ክረምቱን፣ ወይም በመሐል ያለውን የአንድ ወር እረፍት ጠብቁ።

[ምስል፦ አንድ ገጽ ደብዳቤ እየተጻፈ።]

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከላይ ቀኑ፣ የእንደራሴው ስምና የምርጫ ክልላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ የሚመለከተው ሰው አይገኝለትም። «ጉዳዩ» በሚለው ላይ የረቂቁን ሙሉ ስምና አንቀጹን ጻፉ። ቀጥሎ አሁን ያለውን ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ እንዲሆን የምትፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አስቀምጡ፤ እንደራሴው ገልብጦ ኮሚቴው ፊት ሊያነበው ይችላል። «አካባቢያችን ተበከለ፣ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል እሮሮ ብቻ ከሆነ ግን አዝኖላችሁ ያልፋል። ከሰፈራችሁ አንድ ማስረጃ ጨምሩ፦ የወንዙ ስም፣ ያያችሁበት ቀን፣ ፎቶ።

ፊርማ ስታሰባስቡ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ወረዳና ቀበሌ ይኑር፤ መራጩ መሆናችሁ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴ የመራጩን አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሳ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ደብዳቤው ላይ ማስፈራሪያ አድርጎ መጻፍ አያስፈልግም፤ ያውቀዋል።

ሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ግልባጭ ለቋሚ ኮሚቴው።

[ምስል፦ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት አጥር ላይ ተሰቅሎ።]

የጸደቀ ሕግም ጠባቂ ካጣ ወረቀት ላይ ይቀራል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከረጢቱ ግን ከየሱቁ አልጠፋም፤ በ2017 ምክር ቤቱ ሌላ አዋጅ ማጽደቅ አስፈለገው። ስለዚህ ሕግ ሳይፈጸም ሲቀር ለእንደራሴው የምታቀርቡት ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ጠርታችሁ ጠይቁልን በሉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ ይህን ሥልጣን ይሰጠዋል።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፤ 30 እና 60።]

ከዚህ ጎን ለጎን በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገቡ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ 60 ቀን አላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጀምሮ ነው። የአቤቱታውን ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያኔ ትፈልጉታላችሁ።