ውሃው ስለጠራ ሆዱ ጸዳ ማለት አይደለም

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሰመመን ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የማነሳው ነገር ብዙዎቻችን ለምን ብለን ሳንጠይቅ የምናደርገው ነው። ትርፍ አንጀት ፈንድቶ፣ መግሉ ፈስሶ እናገኘዋለን። ቆርጠን እናወጣለን። ከዚያ "ሳላይን አምጡ" እንላለን፤ ንጹሑን የጨው ውሃ ማለታችን ነው። አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ እናጥባለን። ሲጠራ ልባችን ያርፋል።

ታካሚው ግን ከዚህ ምን አገኘ? እኔ እንደማምነው፣ መግሉን በሳክሽን፣ ማለትም በመምጠጫ ቱቦ፣ አጥርቶ ከመምጠጥ የበለጠ ምንም አላገኘም።

እንዴት ቢሉ፣ ባክቴሪያው ውሃ ውስጥ ብቻ የሚንሳፈፍ አይደለም። የሆድ ዕቃ ሽፋን ሰፊ ነው፤ በአንጀቶቹ መካከል ያለው እጥፋትም ብዙ ነው። በካሜራ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት፣ አንጀቱ ላይ ቢጫማ ስስ ነገር ተለጥፎ ይታያል። ፋይብሪን ነው፤ ሰውነት ሲቆጣ የሚፈጠር ተጣባቂ ፕሮቲን። ባክቴሪያው ከሥሩ ተሸሽጓል። ሳላይን በላዩ ያልፋል እንጂ አይነቅለውም።

ሌላም ችግር አለ። በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን ስንሠራ፣ ታካሚው ጭንቅላቱ ዝቅ፣ ግራ ጎኑ ጋደል ብሎ ነው የሚተኛው። መግሉ ቀኝ ታችኛው ሆድ ላይ ብቻ ተወስኖ ይሆናል። እኛ ሁለት ሊትር ስናፈስበት ግን ውሃው ቁልቁል ወደ ጉበትና ደረትን ከሆድ ወደሚለየው ጡንቻ፣ ወደ ድያፍራም፣ ይሄዳል። መግል ደርሶበት የማያውቀውን ቦታ በገዛ እጃችን አዳረስነው ማለት ነው። ያፈሰስነውን በሙሉ መልሰን መምጠጥ ደግሞ ከባድ ነው፤ ሁሌም የሚቀር አለ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ትርፍ አንጀታቸው የፈነዳ 220 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሳክሽን ብቻ ተደረገላቸው። ግማሾቹ ደግሞ ቢያንስ በ500 ሚሊ ሊትር ሳላይን ታጠቡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መግል የቋጠሩት፣ ሳክሽን ብቻ ከተደረገላቸው 19.1 በመቶ፣ ከታጠቡት 18.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለውም። የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያም፣ ለአዋቂም ለሕፃንም ማጠቡ ከሳክሽን ብቻ የተሻለ ጥቅም እንደሌለው አስቀምጧል።

"መግሉ ሆዱን በሙሉ ቢሞላውስ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ የሐኪሙ ውሳኔ ቦታ አለው። ካጠባችሁ ግን ለብ ባለ ሳላይን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቦታውን ለይታችሁ እጠቡ። እያፈሰሳችሁ እየመጠጣችሁ።

ከማጠብ በፊት አንድ ነገር ፈልጉ። ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ እንደ ጠጠር የደረቀች ዓይነ ምድር ሾልካ ልትወድቅ ትችላለች። እሷ ከቀረች፣ ምንም ያህል ብታጥቡ መግሉ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ውሃ ከለቀቃችሁባት ደግሞ አንጀቶቹ መሀል ገብታ ትጠፋባችኋለች። አውጡና ከረጢት ውስጥ ክተቷት። ከዚያ ሳክሽኑን ዳሌ ውስጥ፣ በቀኝ ጎን፣ ከጉበት ሥር አድርሱ። ዳሌውን በችኮላ አትለፉት። ታካሚውን ቀና አስደርጋችሁ እንደገና እዩት።

አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ከየትኛውም ሊትር ሳላይን ይበልጣል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያዎቻችን፣ እባካችሁ ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁን።

ለቤተሰብም "ሆዱ በደንብ ታጥቧል፣ አታስቡ" ማለቱን እንተው። ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ትኩሳት ከተነሳበት፣ የሆድ ሕመሙ ከባሰ፣ ተቅማጥ ወይም ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት የመሄድ ስሜት ከመጣበት፣ ዳሌው ውስጥ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘውት እንዲመለሱ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ከመውጣታቸው በፊት ንገሯቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።