ዝሆን በ500 ካሬ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ሻይ ቡናውን ላሰናዱልን እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ በሦስት ትምህርት ቤቶች የዱር እንስሳት ክበብ አቋቁመናል። ኮርቼበታለሁ። ዝርዝሩ በሪፖርቱ አለ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ። አንዳንድ አባላት «ልጆቻችን ዝሆንን በዓይናቸው ይዩ፤ አዲስ አበባ እንዲመጣ እንጠይቅ» አሉ። ከፍቅር የመጣ ሐሳብ ነው። ግን የት ነው የምናኖረው?

የአሜሪካ መካነ እንስሳት ማኅበር መመዘኛ ለአንድ ዝሆን ከቤት ውጪ ቢያንስ 500 ካሬ ሜትር ያህል ይላል። 500 ካሬ! የአንድ ቪላ ግቢ። ጥር ላይ አንድ አባላችን ግቢ ገብተን ሜትር ዘረጋን፤ 20 በ25። ከአጥር እስከ አጥር ተራመድኩ። 35 እርምጃ። ዞሬ ተመለስኩ። ሦስተኛው ምልልስ ላይ ቆምኩ፤ የማየው አዲስ ነገር አልነበረም። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይዘዋወራሉ፤ በለሱን ከነእሾሁ ይበላሉ። እሱንም እርሻና ሰፈራ እየገፋው ነው።

«ታዲያ ሰፋ አድርገን እንሥራ» ላላችሁኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን አሜሪካ ዝሆኖች ላይ የወጡ ጥናቶች ስፋት ብቻውን እንደማይበቃ አሳይተዋል። ጓደኛም፣ ለእግር የሚመች መሬትም ይፈልጋል። ብቻውን የሚውል ዝሆን ባለበት ቆሞ ይወዛወዛል። የዲትሮይት መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ያረጁ ዝሆኖቹን ወደ ካሊፎርኒያ የሸኘው የክረምቱ ብርድና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ስላሳሰበው ነው። ቶሮንቶም እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት ላከች። እነሱን ያቃተ ነገር እኛ በምን አቅማችን?

ክርክሩ አላሳዘነኝም። ሐሳቡን ከፈረሙት 11 ሰዎች ሜትር ስንዘረጋ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይጽፋሉ። የምታውቋቸው አድርሱልኝ፤ አልተቀየምኩም። መጥተው ፊት ለፊት ይሞግቱኝ።

ልጆች ዝሆን ማየት አለባቸው፤ እኔም አምናለሁ። 40 ተማሪዎችን ባቢሌ ልንወስድ አቅደን ነበር። መዋጮ የከፈለው ግን ከአባላቱ ግማሽ አይሞላም። አውቶቡሱ ሳይነሳ ቀረ። አንዲት የክበባችን ልጅ ቦርሳዋን ሸክፋ ጠዋት በር ላይ ስትጠብቅ አገኘኋት። ምን ልበላት?

የመዋጮ መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው። ከሻይ በኋላ በሐሳቡ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ገንዘብ ያዣችን ይቀጥሉ።